ከጋት እስከ ክንድ፦ የካራ ልክና የሥራ ታሪክ በመቀሌና በአካባቢዋ

በክረምት ወራት በመቀሌ ጎዳናዎች የተመላለሰ ሰው ሁሉ የበለስ ሻጮችን ካራ ያውቃል። ስለቱ ከአንድ ጋት እምብዛም አያልፍም። ሻጩ የፍሬውን ሁለት ጫፎች ይቆርጥና ቅርፊቱን ብቻ ዘልቆ በሚቆም ጥልቀት ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር ያሰምራል፤ ከዚያም ቅርፊቱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲገልጠው ፍሬው ሳይነካ፣ እሾሁም እጅ ሳይወጋ ይወጣል። ይህንኑ ሥራ በእርድ ካራ ልሥራ የሚል ሰው ግን የስለቱ ጫፍ ከጣቱም ከዓይኑም ስለሚርቅበት ፍሬውን ይሰነጥቀዋል፣ ወይም መዳፉን ይቆርጣል። በለስ ወደ ትግራይ የገባው በ19ኛው ምዕተ ዓመት ነው፤ ትንሿ ካራ ግን ከበለስ በፊት ነበረች። አዲሱ ፍሬ ሲመጣ እጅ ከቤት ውስጥ ካራዎች መካከል ልኩን መረጠለት።

ይህ ምርጫ ቀላል ይመስላል። ሆኖም የካራን ልክ ከሥራው ጋር ማገናኘት ብዙ ትውልድ በልምድ ያካበተው፣ ነገር ግን በጽሑፍ ያልሠፈረ ዕውቀት ነው። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ሰይፍና ስለ ጎራዴ አያሌ ገጾችን ጽፈዋል። ሕዝብ የተመገበው፣ የለበሰውና የጻፈው ግን በአጫጭር ስለቶች ነው። በመቀሌና በአካባቢዋ ያለው የካራ ታሪክ ሲመረመር የሚገኘው ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ የስለትን ልክ መወሰን ያለበት ሥራው እንጂ የያዡ ክብር አይደለም።

መለኪያው እጅ ነው

የቀደመው ትውልድ ርዝመትን የሚለካው በገዛ አካሉ ነበር። አራት ጣቶች ጎን ለጎን ሲገጠሙ አንድ ጋት ይሆናሉ፤ ይህም ወደ 8 ሳንቲሜትር ይጠጋል። የተዘረጋ መዳፍ ስንዝር ይሰጣል፤ እርሱም 20 ሳንቲሜትርን ጥቂት ያልፋል። ከክርን እስከ መሐል ጣት ጫፍ ያለው ክንድ ደግሞ ግማሽ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በአገሩ እንደ ገንዘብ ይሠራበት የነበረውን አሞሌ ጨው ሲገልጽ፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ተኩል፣ ስፋቱ አራት ጣት፣ ውፍረቱ ሦስት ጣት መሆኑን ጽፏል። ገንዘብ እንኳ በጣትና በስንዝር ይለካ በነበረበት አገር ካራ በሌላ ነገር ሊለካ አይችልም።

በዚህ መለኪያ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ። እጀታ የሚለካው በእጅ ነው፤ አራቱን ጣቶች ይዞ ጥቂት መትረፍ አለበት። ስለት ግን የሚለካው በሥራ ነው። የሰው እጅ አይለወጥም፤ ሥራው ግን ይለዋወጣል። ስለዚህም የጋት ስለት ያላት ካራና የስንዝር ስለት ያለው ካራ በእጀታቸው ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የሚለያዩት ከእጀታው ወዲያ ባለው ክፍል ነው።

ልዩነቱ ምክንያት አለው። ስለት ባጠረ መጠን የእጅ ኃይል ሳይባክን ጫፉ ላይ ይደርሳል፤ ጠቋሚ ጣትም በደንደሱ ላይ አርፎ ይመራዋል። ለመላጥ፣ ለመቅረጽና መገጣጠሚያን ፈልጎ ለመለየት የሚያስፈልገው ይህ ነው። ስለት በረዘመ መጠን ደግሞ በአንድ ስበት ብዙ ይቆርጣል፤ ሥጋውም አይተለተልም። ከዚያም አልፎ ሲረዝምና ደንደሱ ሲወፍር ክብደቱ ራሱ ኃይል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ካራው መቁረጡን ትቶ መምታት ይጀምራል። እነዚህ ሦስት ዓይነት ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ካራ ሦስቱንም አሳምሮ አይሠራም።

ብረት፣ ጨውና ከብት

በሰሜን ኢትዮጵያ የስለት ታሪክ ከንግድ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። በ1ኛው ምዕተ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈውና ‹‹የኤርትራ ባሕር ጉዞ›› እየተባለ የሚታወቀው የነጋዴዎች መምሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ለአክሱም መንግሥት ገበያ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ብረትን፣ ምሳርን፣ መጥረቢያንና ‹‹ማኬራ›› የሚባል ስለትን ይዘረዝራል። የግሪክኛው ቃል ለትልቅ ካራም ለሰይፍም ያገለግላል። ይህ የቃል መደራረብ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ከብት የሚያርደውና ጠላት የሚወጋው ብረት አንድ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል።

በ6ኛው ምዕተ ዓመት የእስክንድርያው ነጋዴ ኮስማስ ደግሞ የአክሱም ነጋዴዎች ወርቅ ለማምጣት ወደ ሳሱ ሲወርዱ ሦስት ነገሮችን ይዘው እንደሚሄዱ ጽፏል፤ እነርሱም ከብት፣ ጨውና ብረት ናቸው። ከብቱን በዚያ አርደው ሥጋውን ከጨውና ከብረቱ ጋር በእሾህ አጥር ላይ ያሰጡትና በወርቅ ይለውጡታል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ በዚህ ገበያ ብረት ራሱ ሸቀጥ ነው፣ ከብቱን ሸቀጥ የሚያደርገውም ስለት ያለው ብረት ነው።

የጨው መንገድ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የመቀሌ የደም ሥር ሆኖ ኖሯል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. በነገሡበት ዘመን መቀሌን መናገሻቸው ካደረጓት በኋላ ከአፋር ቆላ በብራህሌ በኩል የሚወጣው ጨው የከተማይቱን ገበያ አደመቀው። በአሳሌ የጨው ሜዳ ላይ ሥራው ራሱ በመሣሪያ ልክ የተከፋፈለ ነው። አንዱ ሠራተኛ ጠፍጣፋውን የጨው ንጣፍ በረዥም እንጨት ፈንቅሎ ያነሣል፤ ሌላው ተቀምጦ በአጭር እጀታ መጥረቢያ እየጠረበ አሞሌውን ልክ ያስይዛል። ረዥሙ መሣሪያ ጉልበት፣ አጭሩ መሣሪያ ልክ ይሰጣል። ይህ የካራም ሕግ ነው።

የአፋር አርብቶ አደር በወገቡ የሚታጠቀው ጊሌ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ጊሌ በሁለት ወገን የተሳለ፣ የቆለመመና ከነእጀታው ወደ 40 ሳንቲሜትር የሚደርስ ካራ ነው። ለመላጥ በጣም ይረዝማል፤ እንጨት ለመፍለጥም ይቀላል። ነገር ግን ባለቤቱ ከቤቱ ርቆ ከግመሎቹ ጋር የሚጓዝ በመሆኑ አንድ ስለት ብቻ ይይዛል፤ በዚያውም ያርዳል፣ ይገፋል፣ ገመድ ይቆርጣል፣ ራሱንም ይከላከላል። ስለዚህ መካከለኛ ልክን መርጧል። በአንጻሩ በከተማ ወይም በመንደር ተቀምጦ የሚኖር ሰው በግድግዳው ላይ ሦስት ወይም አራት ካራዎችን መስቀል ስለሚችል እያንዳንዱን ለየሥራው ይመድባል። ካራ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ራሱን መጠየቅ ያለበት ‹‹የምይዘው ስንት ካራ ነው?›› ብሎ ነው። ብቸኛ ካራ መካከለኛ መሆን ይገባዋል፤ ጓደኛ ያለው ካራ ግን ለአንድ ሥራ ብቻ ሊፈጠር ይችላል።

ከብራና እስከ ገበታ

በዓድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም ተጠብቀው የኖሩት የወንጌል መጻሕፍት፣ በብራናቸው ላይ በተደረገው የዕድሜ ምርመራ መሠረት፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጁ ናቸው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ላይ አንድ ፊደል ከመጻፉ በፊት ብዙ ስለቶች ሠርተዋል። ፍየሉ ታርዷል፣ ቆዳው ተገፏል፣ በእንጨት ክፈፍ ላይ ተወጥሮ ተፍቋል፣ በልክ ተቆርጧል፤ በመጨረሻም የመቃው ብርዕ በትንሽ ካራ ተቀርጾ ጫፉ ተሰንጥቋል። የብርዕ መቅረጫዋ ካራ ከሁሉም ታንሳለች፤ የፊደሉ ውፍረትና ቅጥነት ግን የሚወሰነው በእርስዋ ነው። የግዕዝን ሥነ ጽሑፍ ለትውልድ ያስተላለፉት ሊቃውንት በእጃቸው የነበረው ብረት ከጣት የማይበልጥ ነበር።

በቆዳ ሥራ ላይ የልክ ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል። የኢትዮጵያ ሌጦና ቆዳ በገበያ ላይ ደረጃው ዝቅ እንዲል ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ በገፈፋ ጊዜ የሚደርሰው የካራ ብሳትና ጭረት መሆኑ ለዘርፉ ባለሙያዎች የታወቀ ነው። ለማረድ የተሠራው ሹልና ረዥም ካራ ለገፈፋ ሲውል ጫፉ ቆዳውን ይበሳል። ለገፈፋ የሚያስፈልገው ከእርዱ ካራ የሚያጥር፣ ሆዱ የተቀለበሰና ጫፉ የማይዋጋ ስለት ነው። ከመቀሌ በስተሰሜን በውቅሮ ዘመናዊ የቆዳ ፋብሪካ በተቋቋመበት አካባቢ ይህ ጉዳይ የኢኮኖሚ ጉዳይ ነው፤ ገበሬው በግቢው ውስጥ በአንዲት ቅጽበት በካራው የፈጠራትን ቀዳዳ ፋብሪካ ሊደፍናት አይችልም።

በእርድ ላይም ልክ ለታራጁ እንስሳ ርኅራኄ ነው። አጭር ስለት መጋዝ ያስመስላል፤ ደጋግሞ ይመላለሳል፣ እንስሳውንም ያሠቃያል። በቂ ርዝመት ያለውና የተሳለ ካራ ግን በአንድ ስበት ይጨርሳል። ይህን መርሕ ሌሎች ሕዝቦችም ደርሰውበታል። በአይሁድ የእርድ ሥርዓት ካራው አንዳች ስንጥቅ ወይም ጥርስ የሌለው፣ ርዝመቱም ከታራጁ አንገት ስፋት እጥፍ ያህል እንዲሆን ይፈለጋል፤ በመሆኑም ለዶሮ፣ ለበግና ለበሬ የሚዘጋጁት ካራዎች ይለያያሉ። በእስልምናም ካራውን አስቀድሞ መሳል ግዴታ ነው። በመቀሌ ጎን ለጎን የሚኖሩት ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች እርዳቸው ቢለያይም ስለ ስለቱ በአንድ ነገር ይስማማሉ።

ወጥ ቤትም የራሱ ሕግ አለው። የዶሮን 12 ብልት የምታወጣ ባለሙያ አጥንት አትሰብርም፤ በአጭርና ሹል ካራ መገጣጠሚያውን ፈልጋ ታላቅቃለች። በሬ ሲታረድ ሻኛውን፣ ሽንጡን፣ ጎድኑንና ዳቢቱን ለይቶ የሚያወጣ ብልት አዋቂ ደግሞ በስንዝር ካራ ይሠራል። የሁለቱን መሣሪያ ቢያለዋውጡት ዶሮዋ ትደቃለች፣ የበሬው ሥጋ ይቦጫጨቃል።

በአንድ ገበታ ላይ ሁለት ልኮች መገናኘታቸውን ከመሰከሩት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 በምጽዋ ገብቶ በትግራይ በኩል ወደ ጎንደር አልፏል፤ መጽሐፉንም በ1790 አሳትሟል። ስለ ጥሬ ሥጋ ግብዣ የጻፈው በአውሮፓ ብዙ ክርክር ቢያስነሣም፣ ስለ ካራዎቹ የሰጠው ዝርዝር ትኩረት የሚስብ ነው። ወንዶቹ በጦርነት ጊዜ ለልዩ ልዩ ተግባር በሚያውሉት ትልቅና ቆልማማ ካራ ሥጋውን በሰፊው ይቆርጣሉ፤ ሴቶቹ ደግሞ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከሚሠሩት ርካሽ ካራዎች ጋር ባመሳሰላቸው ትንንሽ ሰንጢዎች ቁራጩን በቁመት እንደ ክር፣ ከዚያም በአግድም አድርገው ያደቁትና በቅመም አጅበው በእንጀራ ይጠቀልሉታል። ወንዱ በግርማ የሚይዘው ረዥም ካራ ሥጋውን ለመጉረስ ዝግጁ አላደረገውም፤ ይህን የፈጸመችው የሴቲቱ ሰንጢ ናት። ታሪክ ግን በወገብ ላይ ያለውን እንጂ በጣት መካከል ያለውን አላከበረም።

ረዥሙ ስለትና ክብሩ

በአገራችን ክብር ከስለት ርዝመት ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። ከመቀሌ በስተደቡብ በሚገኙት በጨለቆትና በሕንጣሎ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ግቢያቸውን አድርገው ትግራይን ይገዙ የነበሩትን ራስ ወልደ ሥላሴን፣ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805ና በ1810 ጎብኝቷቸዋል። በዚያ ዘመን የጦር ሰው ረዥሙን ስለት በቀኝ ጎኑ ይታጠቅ ነበር፤ እጀታውን ከአውራሪስ ቀንድ ማሠራትም የባለጸግነት ምልክት ነበር። በኋላ ዘመን ደግሞ በጀርመን አገር በዞሊንገን የተሠሩ ስለቶች እየገቡ በአገር እጀታና በአገር ሰገባ ይታጠቁ ጀመር።

ከነዚህ ሁሉ ሾተል ልዩ ትኩረት ይገባዋል። እንደ ማጭድ የቆለመመው፣ ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋው ይህ መሣሪያ ለቤት ሥራ አይመችም፤ ከሰገባው ለመውጣት እንኳ ያስቸግራል። ሆኖም የተፈጠረለት አንድ ሥራ አለው፤ ጉብጠቱ የጠላትን ጋሻ ዞሮ ከበስተኋላው ያለውን ሰው እንዲደርስበት ነው። በሾተል ላይ ከንቱ የሆነ አንዲት ጣት ብረት አልነበረም። ጠመንጃ ተስፋፍቶ ጋሻ ከጦር ሜዳ ሲወጣ ግን ሥራውም አብሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሾተል የሚታየው በበዓል ትርኢትና በግድግዳ ላይ ሆነ። ሥራውን ያጣ ልክ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ለክብር ሲባል ስለትን ማስረዘም ዛሬም አልጠፋም። ሽንኩርት ለመክተፍ የክንድ ያህል ቢላ የሚገዛ፣ ለጉዞ ደግሞ ወገብ የሚከብድ ካራ የሚታጠቅ ሰው ከሾተል ዘመን አልወጣም። ረዥም ስለት በጠባብ መክተፊያ ላይ ጫፉ ወዴት እንደሚሄድ አይታይም፤ እጅ ቶሎ ይደክማል፣ የደከመ እጅም ይቆርጣል። ከሚያስፈልገው በላይ የረዘመ ካራ፣ ከሚያስፈልገው በታች ያጠረውን ያህል አደገኛ ነው።

የቀጥቃጩ ዕውቀት

ይህን ሁሉ ልክ በጭንቅላቱ ይዞ የኖረው ቀጥቃጩ ነው። በወናፉ፣ በመስፉ፣ በመዶሻውና በጉጠቱ መካከል ተቀምጦ ለገበሬው ማጭድ፣ ለአራጁ ካራ፣ ለባላባቱ ጎራዴ ሠርቷል። አንድ ሰው ካራ ሊያሠራ ሲመጣ ቀጥቃጩ የሚያስፈልገው ሥራውን ማወቅ ነው፤ ርዝመቱና ውፍረቱ ከሥራው ይመነጫሉ። ከስለቱ የሚወጣውን ቀጭን ጭራ አግሎ በወይራ ወይም በቀንድ እጀታ ውስጥ ሲሰካው፣ ስለቱ በረዘመ ቁጥር ጭራው ጠልቆ እንዲገባ ያደርጋል፤ አለዚያ እጀታው ይሰነጠቃል።

የብረቱን ጠባይም ያውቃል። መኪና በአገሩ ከተስፋፋ ወዲህ የቀጥቃጮች ተፈላጊ ብረት የተጣለ ባሌስትራ ሆኗል። ባሌስትራ ሸክም ተሸክሞ እንዲለመጥና እንዲመለስ የተሠራ በመሆኑ፣ አግለው ሲያቀዘቅዙት ጠንካራ ስለት ይወጣዋል። የግንባታ ፌሮ ግን ለስላሳ ነው፤ ቢሳልም ወዲያው ይደንዛል። ጥሩ ብረት ውድ ስለሆነም ካራ ያረጃል እንጂ አይጣልም። የስንዝር የእርድ ካራ በሞረድ ሲሳል፣ ሲሳል ከዓመታት በኋላ ይቀጥናል፣ ያጥራል፤ በመጨረሻም የጋት የሽንኩርት ካራ ሆኖ አዲስ ሥራ ይጀምራል። በአንድ ቤት ውስጥ ያለች ትንሽ ካራ የአንድ ትልቅ ካራ እርጅና ልትሆን ትችላለች።

ይህን ዕውቀት የያዘው ሰው ግን ሲናቅ ኖሯል። ቀጥቃጩ ‹‹ቡዳ›› እየተባለ ከጋብቻና ከማዕድ ይገለል ነበር፤ በብዙ ቦታም የርስት መሬት አልነበረውም። ኅብረተሰቡ በቀጥቃጩ ማጭድ እያጨደ፣ በቀጥቃጩ ካራ እየቆረጠ፣ ሠሪውን ግን ከገበታው አራቀ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው የንቀቱን ስፋት ያሳያል፤ አዋጅ ካስፈለገ ስድቡ ተራ ነገር ሆኖ ነበር ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ ባለ ጊዜ፣ ርስት የለሽ የነበሩ የእጅ ባለሙያዎችም በሕግ ፊት በር ተከፈተላቸው። በጎንደርና በምዕራብ ትግራይ በአንጥረኛነታቸውና በሸክላ ሥራቸው የታወቁት ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ አብዛኛዎቹ እ.ኤ.አ. በ1984ና በ1985፣ ኋላም በ1991 ወደ እስራኤል ሲሄዱ የእጃቸው ሙያ አብሯቸው ሄደ።

መመዝገብ ያለበት ቅርስ

ዛሬ በመቀሌ ገበያ በፋብሪካ የተሠራ ቢላ በየሱቁ ይገኛል። ዋጋው ለብዙ ሰው ስለሚስማማና በቀላሉ ስለሚገዛ ማንም አይነቅፈውም። ችግሩ ሌላ ነው፤ በፋብሪካ የተሠራው ቢላ ከገዢው ጋር አይነጋገርም። ቀጥቃጩ ‹‹ለምን ሥራ ነው?›› ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ቢላ አይጠይቅም። ስለዚህ ጥያቄውን ገዢው ራሱ መጠየቅ አለበት። ምን ይቆረጥበታል? በመሳብ ነው ወይስ በመምታት? ጣት በደንደሱ ላይ ያርፋል ወይስ እጅ ከሩቅ ይወነጭፈዋል? ሌላ ካራ አለ ወይስ ይኸው ብቻ ነው? እነዚህን የመለሰ ሰው ልኩን አግኝቷል፤ ለመላጥና ለመቅረጽ ጋት፣ ለገፈፋ ከስንዝር የሚያንስ፣ ለእርድና ለሥጋ ስንዝርና ከዚያ ጥቂት የሚያልፍ፣ ለእንጨት ደግሞ ካራውን ትቶ መጥረቢያ።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ የተካሄደው ጦርነት የሰውን ሕይወት ከመቅጠፉ በላይ የብዙ ቤቶችን ዕቃ አጥፍቷል። የጠፋ ወርቅና የጠፋ ታቦት ይፈለጋል፤ የጠፋችን የብርዕ መቅረጫ ካራ የሚፈልጋት የለም። በቤተ መዘክሮቻችንም ቢሆን ሰይፍና ጎራዴ በመስታወት ውስጥ ሲቀመጡ፣ ብራና የፋቀው፣ ዶሮ የበለተውና ቆዳ የገፈፈው ብረት ቦታ አላገኘም። ጎራዴው ጥቂት ጦርነቶችን ቢያስታውስ፣ ካራው የእያንዳንዱን ቀን ኑሮ ያስታውሳል።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደየቤታቸው መላክ ይችላሉ። በየግድግዳው የተሰቀለውን ካራ በስንዝርና በጣት ይለኩ፤ ምን እንደሚሠራበት፣ ከምን ብረት እንደ ተሠራ፣ ማን እንደ ቀጠቀጠው ይጠይቁ። ሠዓሊው ይሣለው። የባህል ሠራተኛው ይመዝግበው። በዚህ መዝገብ የቀጥቃጩ ስም ከካራው ጎን ሲጻፍ፣ ረዥሙን ስለት ለታጠቀው ብቻ ሲሰጥ የኖረው ክብር ለሠሪውም ይደርሳል። ልክን ያወቀ እጅ ሕዝብን መግቧል፤ የእጁን ባለቤት ስም ማወቅ ደግሞ የዚህ ትውልድ ዕዳ ነው።